ለዘጠና ሰባት ላሞች ምስክር

ደቡብ ዳኮታ
ኤፕሪል 24፣ 2014

ይድረስ ለጎረቤታችን ለኖርቫል ኪቪክ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ልጅዎ ጃኔልና ልጆቿስ ደኅና ናቸው? እኛ ይመስገነው በሕይወት አለን። ከሄዱ ወዲህ አንድ መስመር እንኳ ሳልጽፍልዎ መቅረቴን ይቅር ይበሉኝ። የገና ካርድ ገዝቼልዎ ነበር፤ እስካሁን መሳቢያ ውስጥ አለ። ከዚያ ሁሉ ነገር በኋላ «መልካም ገና» ብሎ መላክ የሚያሾፍ ሰው ሥራ መሰለኝና ተውኩት።

አሁንም የምጽፍልዎ ላስቸግርዎ ነው። ዙሪያ ጥምጥም መሄዱ ደክሞኛልና በቀጥታ እነግርዎታለሁ።

ባለፈው ኦክቶበር ያ በረዶ የወረደ ጊዜ፣ እንደሚያስታውሱት፣ የአውራጃችን የእርሻ መሥሪያ ቤት ተዘግቶ ነበር። ዋሽንግተን ያሉት በበጀት ተኳርፈው፣ እዚህ ያሉትም በሩ ላይ ወረቀት ለጥፈው ቤታቸው ገብተው ነበር። የኔው ጌለን ሲደውል የሚመልስለት የተቀዳ ድምፅ ነበር። አሁን ሕግ ወጥቶ መንግሥት በአየር ጠባይ ላለቀ ከብት ካሳ ይከፍላል ተብሏል፤ ወደ ኋላ ተመልሶ የእኛንም ጊዜ ይጨምራል። ማመልከቻ መቀበል የጀመሩት ባለፈው ሳምንት ነው። ሰዉ ተሰልፎ መቆም ስለሚያፍር እያንዳንዱ ፒካፑ ውስጥ ተቀምጦ ነው ተራውን የሚጠብቀው። መንገዱ ግራና ቀኝ በፒካፕ ተሞልቷል፤ ቀብር ያለ ይመስላል።

እኔ ማክሰኞ ገባሁ። ቅጹን የምትሞላው ትዋይላ ናት፤ የፖስታ ቤቱ የሊዮና ልጅ።

«ስንት ሞተባችሁ፣ አርዲስ?» አለችኝ።

«ዘጠና ሰባት ላም።»

«ማስረጃስ?»

ፎቶዎቹን ሰጠኋት። መብራት አሥራ አንድ ቀን ጠፍቶ ስልኬ ሞቶ ስለነበር በአሮጌው ካሜራ ነው ያነሳኋቸው። ነጭ ሜዳ ላይ ጥቁር ጥቁር ጉብታ ይታያል። ትዋይላ እያገላበጠች አየቻቸውና፣ «ይሄ ድንጋይ ሳይሆን ላም መሆኑን እኔ አውቃለሁ። ወረቀቱ ግን አያውቅም» አለች። አውራጃው ባስቆፈረው የጋራ ጉድጓድ የቀበሩት ሰዎች ደረሰኝ አላቸው። እኛ እዚያው መሬታችን ላይ ስለቀበርን የለንም።

የቀረን ምስክር ነው። ዘመድ ያልሆነ፣ ቅጥር ሠራተኛ ያልሆነ፣ በድናቸውን በዓይኑ ያየ ሰው። እንዲህ ያለ ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው፤ እርስዎ።

ከጌለን ጋር ዘጠኝ ዓመት ሰላምታ እንኳ እንዳልተለዋወጣችሁ አውቃለሁ። ባለቤትዎ ላቮን የተቀበረች ቀን እሱ ከቤተ ክርስቲያኑ ውጭ መኪና ውስጥ መቅረቱንም አልረሳሁም፤ እርስዎም አይረሱትም። ነገር ግን ያን እሑድ ማንም ሳይጠራዎ በትራክተርዎ መጥተው አራት ቀን ሙሉ አብረውት ቀብረዋል። ቅጹን እዚሁ አብሬ ልኬያለሁ። የእርስዎ ድርሻ ሁለተኛው ገጽ ነው፤ አጭር ነው።

አክባሪዎ፣
አርዲስ ሶልሃይም


ሜሳ፣ አሪዞና
ሜይ 6፣ 2014

ይድረስ ለአርዲስ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ስለ ካርዱ አትጨነቂ፤ እኔም ለማንም አልላክሁም።

ደኅና ነኝ። የጃኔል ባል ከመኪና ማቆሚያው በላይ አንድ ክፍል ሠርቶልኛል። ሙቀቱ ገና በሜይ ሰው ያፈዝዛል። እዚህ አገር ሰው ደጃፉ ላይ ሣር የለውም፤ ጠጠር ነው ያለው። ጎረቤታችን ጡረታ የወጣ የጥርስ ሐኪም ነው፤ በየቅዳሜው ጠጠሩን ያበጥራል። «ምን ጠፍቶብህ ነው?» ብለው አልሳቀም። ጃኔል ደግሞ ጨውና ቅቤ ከልክላኛለች። ሰባ ሦስት ዓመት የኖርኩት በስህተት ነው መሰለኝ።

ቅጹን አይቼዋለሁ። ዓይኔ እንደ ድሮው አይደለም። ቁጥሩንም እርግጠኛ ሆኜ አላስታውሰውም፤ ዘጠና ይሁን፣ ከዚያ በላይ ይሁን፣ ግርግር ነበር። የእንስሳት ሐኪሙን ለምን አትጠይቂውም? የመብራት ሠራተኞቹስ? ምሰሶ ሊያቆሙ በዚያ ሲያልፉ ቆመው አይተዋል። እኔ ከአገር የወጣሁ ሰው ነኝ፤ የእኔ ፊርማ ምን ይረባችኋል ብዬ ነው።

እንደምትጽፊልኝ ጌለን ያውቃል? እሱስ እንዴት ነው?

ኖርቫል


ደቡብ ዳኮታ
ሜይ 15፣ 2014

ይድረስ ለተከበሩ ኖርቫል፣

ሐኪሙን ጠይቄው ነበር። እሱ የመጣው ከሳምንት በኋላ፣ የተረፉትን ሊያይ ነው። «የቆሙትን አሳዩኝ እንጂ የተኙት እኔን አይፈልጉም» ብሎ ነበር የሄደው፤ ሰውዬው ያን ሳምንት ስንት ቤት እንደዞረ እግዜር ይወቅ። የመብራት ሠራተኞቹ ደግሞ ከሌላ ግዛት በውሰት የመጡ ነበሩ። ስማቸውን አላውቅም። አንደኛው ቆቡን አውልቆ እንደቆመ ብቻ ትዝ ይለኛል።

ጌለን አያውቅም። ለእርስዎ መጻፌን ቢሰማ ካሳው ይቅር ይላል። እንዴት ነው ላሉኝ፣ መጀመሪያ «ደኅና ነው» ብዬ ጽፌ ነበር፤ ያንን ወረቀት ቀድጄ ይሄን ጀመርኩ። እንግዲህ አለ።

ቁጥሩን አላስታውሰውም ማለትዎ ግን ከነከነኝ። ቀይ ቀለም ይዘው በየአንዳንዷ ጎን ላይ መስመር እያሰመሩ የቆጠሩት እርስዎ ነበሩ። ጌለን መቁጠር አቅቶት ትራክተሩ ላይ ቁጭ ሲል ወደኔ መጥተው «ዘጠና ሰባት፣ አርዲስ፤ ጻፊው» ያሉኝ እርስዎ ነዎት። የጻፍኩበት ወረቀት አለኝ። ትዋይላ ግን «የራስሽ ጽሕፈት ለራስሽ ምስክር አይሆንም» ትለኛለች።

ትናንት ጃኔል ደውላልኝ ነበር። እንድነግርዎ እንደማትፈልግ ገብቶኛል፤ እኔ ግን መደበቁ አይሆንልኝም። «አባባ ከደብዳቤሽ ወዲህ ሳህኑን እንዳለ ነው የሚመልሰው፤ ምን ብለሽው ነው?» አለችኝ። ምን እንዳልኩዎ ነገርኳት።

መፈረም የማይፈልጉ ከሆነ አልፈልግም ይበሉኝ። አልቀየምም። ዓይኔ ደከመ አይበሉኝ ብቻ። ማመልከቻው የሚዘጋበት ቀን አለው፤ ባንኩም ዝም ብሎ አይጠብቀንም።

አርዲስ


ሜሳ
ጁን 2፣ 2014

አርዲስ፣

ቁጥሩን አስታውሳለሁ። ዘጠና ሰባት ነው። ከሁሉም በላይ የተኛችው ጆሮዋ ላይ 212 የሚል ቁጥር ያላት ቀይ ላም ነበረች፤ እስከ ሰኞ ረፋድ ትተነፍስ ነበር። ዋሽቼሻለሁ፤ ይቅርታ።

ሁለተኛው ገጽ አጭር ነው ብለሽኛል፤ እውነትሽን ነው። ሦስተኛው መስመር ግን «እንስሳቱ የተገኙበት ቦታና ሁኔታ» ይላል። ከሥሩ ደግሞ የጻፍከው እውነት መሆኑን ምለህ ፈርም ይላል። ብዕሩን ስንት ጊዜ አንስቼ እንዳስቀመጥኩ አልነግርሽም።

በሁለታችን መሬት መካከል ያለውን በር ታውቂዋለሽ። አባቴና የጌለን አባት ናቸው ያቆሙት። ድሮ ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ይከፈትና እስከ ጸደይ ክፍት ሆኖ ይከርም ነበር። የሰሜን ነፋስ ሲነሳ የእናንተ ከብት ነፋሱን ከኋላው አድርጎ ይመጣና፣ በዚያ በር አልፎ እኔ ጅረት ውስጥ ከዛፎቹ ሥር ይጠለላል። ማንም ማንንም አያስፈቅድም ነበር። በድርቁ ዓመት ግን ላሞቻችሁ ያቺኑ ያለችኝን ሣር ነጩብኝ። ለጌለን ብነግረው ሰው በተሰበሰበበት «ሣሩን የምትቆጥበው ለመቃብርህ ነው?» አለኝ። እኔም የማይባል ነገር መለስኩለት። በማግስቱ በሩን በሰንሰለት ጠፍሬ ጓጉንቸር ሰቀልኩበት። እስከዚህ ድረስ ያለውን ታውቂዋለሽ።

የማታውቂው ይህ ነው። ያን ዓርብ ዝናቡ ወደ በረዶ ሲለወጥ እኔ መስኮቱ ጋ ቆሜ ስለ በሩ እያሰብኩ ነበር። ላሞቻችሁ ገና በበጋው ግጦሽ ላይ፣ ከበሩ ወዲያ መሆናቸውን አውቃለሁ። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው። በትራክተር ሃያ ደቂቃ ቢፈጅ ነው። «እሱ ራሱ መጥቶ ይለምነኝ» አልኩ። በሐሳቤ ሳይሆን በአፌ፣ ጮክ ብዬ፣ ባዶ ቤት ውስጥ። ከዚያ ሾርባዬን አሞቅሁ። ከሰዓታት በኋላ ሐሳቤን ለውጬ ስወጣ ግን የገዛ እጄንም ማየት አልቻልኩም። ግማሽ መንገድ ሳልደርስ ተመለስኩ።

እሑድ ጠዋት ከጌለን ቀድሜ ደረስኩ። እንዴት እንደነበሩ አንቺም አይተሻል፤ አልደግመውም። በአካፋ ቆፍሬ ጓጉንቸሩን ፈታሁ፤ ሰንሰለቱን ጠቅልዬ የትራክተሩ ወንበር ሥር ደበቅሁት። ጌለን ሲመጣ በሩን የያዘው በረዶው ብቻ መሰለው። ጓጉንቸሩን ድሮ ያነሳሁት መስሎታል። አራት ቀን አብሬው የሠራሁት ደግ ሆኜ አይምሰልሽ። መቆም ስላልቻልኩ ነው።

ቦታውን ለምን በርካሽ ሸጦ ሄደ ሲባል ሰዉ «ልጁ ናፍቃው ነው» ይላል አሉ። ልጄማ ሁልጊዜም ትናፍቀኛለች።

ቅጹ ይኸው ባዶውን። ምን ብዬ እንድጽፍ ትፈልጊያለሽ? እንዳልሽኝ እጽፋለሁ።

ኖርቫል


ጁን 10፣ 2014

ኖርቫል፣

ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሦስቱንም ጊዜ ያው ነው።

«እንዳልሽኝ እጽፋለሁ» ትለኛለህ። አሁን ደግሞ ሸክሙን ወደኔ ልታሻግር ነው? በሩን ስትጠፍር አማከርከኝ? ሾርባህን ስታሞቅ አማከርከኝ?

ጌለን እንዴት ነው ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር። ልንገርህ። ከዲሴምበር ወዲህ እኩለ ቀን ሳይሆን አይነሳም። ከተነሳ በኋላ ግቢው ውስጥ ፒካፑ ላይ ይወጣና ሞተር ሳያስነሳ ይቀመጣል። የከብት ዋጋ በሬዲዮ ያዳምጣል። የሚሸጠው ነገር የለውም። ጠመንጃዎቹን «ይጠረጉ» ብዬ ለወንድሜ ሰጠሁት፤ ወንድሜም ዓይኔን አየና ምንም ሳይጠይቀኝ ጭኖ ሄደ። ይሄው ስድስት ወሩ፤ ጠመንጃ ስድስት ወር አይጠረግም፤ ጌለንም የት አሉ አላለኝም።

«እኔ ነኝ የፈጀኋቸው» ነው የሚለው። ረቡዕ ዕለት ትንበያውን ሰምቼ ከላይ እናውርዳቸው ብለው እሱ «ዓርብ እናወርዳቸዋለን» ብሎኝ ነበር። ይህንኑ ሲያመነዥክ ነው የከረመው። በየቀኑ፣ ኖርቫል። አንተ ጠጠር ስታይ።

ቅጹን መልሼ ልኬልሃለሁ። የምትጽፈውን አንተ ታውቃለህ።

አርዲስ


ሜሳ
ጁን 18፣ 2014

አርዲስ፣

«አንተ» ስላልሽኝ አልተቀየምኩም። አርባ ዓመት «እርስዎ» ስትይኝ ኖረሻል። ከላቮን ሌላ እንዲህ የተቆጣኝ ሰው የለም፤ ደብዳቤሽን ሳነብ ቤቴ የገባሁ መሰለኝ።

ስለ ጌለን የጻፍሽልኝን ለማንም አላወራም።

ቅጹ ተሞልቷል፤ ተፈርሟል። እዚህ አንድ ውል አዋዋይ ዘንድ ሄጄ ፊቱ ምዬ ነው የፈረምኩት፤ ወጣቱ ልጅ አንብቦት ሲያበቃ ሒሳብ አልቀበልም አለኝ። የጻፍኩት ይህ ነው። ዘጠና ሰባት ላሞች፣ በሁለቱ መሬቶች ድንበር ላይ ባለው በር ተደራርበው ሞተው አገኘኋቸው። ከበረዶው ውሽንፍር ሸሽተው በድሮ መንገዳቸው የመጡ ናቸው። በሩ በእኔ ሰንሰለትና ጓጉንቸር ተቆልፎ ነበር። ማዕበሉ እንደሚመጣ እያወቅሁ አልከፈትኩትም።

ይህ ካሳውን ሊያስቀርባችሁ እንደሚችል አውቃለሁ። የአየር ጠባይ አይደለም፣ የሰው ክፋት ነው ሊሏችሁ ይችላሉ። ጃኔልም አንብባው «አባባ፣ በረዶ ገደላቸው በልና ፈርም። ስለ በሩ ማን ጠየቀህ?» አለችኝ። እውነቷን ይሆናል። እኔ ግን ግማሹን ብቻ ጽፌ ልምል ብዬ እጄ እምቢ አለኝ።

ለጌለን ልጽፍለት ሞክሬ ወረቀት አበላሸሁ። ያለፈውን ደብዳቤዬን አሳዪው፤ ወይም እሳት ውስጥ ጨምሪው። ይህን እንኳ አንቺ ነሽ የምታውቂው።

ኖርቫል


ደቡብ ዳኮታ
ጁላይ 21፣ 2014

ውድ ኖርቫል፣

ከእንግዲህ «እርስዎ» ማለት አይመጣልኝም፤ ቻለው።

ዘግይቼ ስለጻፍኩ ይቅርታ። የሚነገር ነገር እስኪኖር ብዬ ነው።

ቅጹን ለትዋይላ ሰጠኋት። አነበበችው። «ይሄንን እኔ ብቻዬን ማህተም ልመታበት አልችልም። ኮሚቴው ይየው» አለችኝ። ኮሚቴው ሦስት ገበሬ ነው፤ ሦስቱንም ታውቃቸዋለህ፤ ሦስቱም ከብት አልቆባቸዋል። የተባባሉትን ትዋይላ በኋላ ነገረችኝ፤ መናገር አልነበረባትም። አንዱ «ይሄ የአየር ጠባይ ነው ወይስ የጎረቤት ጠብ?» አለ አሉ። ሽማግሌው ቨርጂል ግን ወረቀቱን ገፋ አድርጎ «ያ በር ዘጠኝ ዓመት ተዘግቶ ሲኖር አንድ ላም አልገደለም። በረዶው ነው የገደላቸው። ከኛ መካከል በጎረቤቱ ላይ በር ዘግቶ የማያውቅ ካለ ይነሳ» አለ። የተነሳ የለም። አጸደቁት። ገንዘቡ እስከ መኸር ይደርሳል ተብሏል።

አሁን ስለ ጌለን።

ኮሚቴው ሳይሰበሰብ በፊት ነገርኩት፤ ከሰው አፍ እንዲሰማው አልፈለግሁም። ፒካፑ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። በወዲያኛው በር ገባሁና ሬዲዮውን አጠፋሁት፤ ቀና ብሎ አየኝ። ያንተን ደብዳቤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩለት። ሾርባውንም አልዘለልኩም።

«ጨረስሽ?» አለኝ።

«ጨርሻለሁ።»

ዝንብ መስታወቱ ላይ ይመላለሳል። የሚጮህ መስሎኝ ነበር። አንተን የሚረግም፣ ወይም ሞተሩን አስነስቶ የሆነ ቦታ የሚሄድ መስሎኝ የመኪናውን ቁልፍ በእጄ ይዤዋለሁ።

«ሰውዬው» አለ በመጨረሻ፣ «ዘጠኝ ወር ሙሉ ይሄን ይዞ ነው እዚያ ጠጠር ለጠጠር የሚዞረው?»

«እንግዲህ።»

«በሩን እሱ ዘጋ። ላሞቹን ግን እዚያ ያቆየኋቸው እኔ ነኝ» አለ። ደግሞ «ሣሩንም ያስበላሁት እኔ ነኝ። ያኔም እውነቱን ነበር» አለ። ይህን በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ሰምቼው አላውቅም።

ይቅር ብሎሃል ብዬ አልጽፍልህም፤ አላለኝምና። ግን ገብቶ እራት በላ። በማግስቱ በእኩለ ቀን ሳይሆን ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ተነሳ። ለኛ ቤት ይሄ ብዙ ነው።

አሁን የኔ ተራ ነው፤ ከዚህ በታች ያለውን ቁጭ ብለህ አንብበው።

ጓጉንቸሩን የሰቀልክ ሰሞን ላቮንና እኔ ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ከአንድ ቀብር የተረፈ ሳህን እናጥብ ነበር። እርጥብ እጄን ያዘችና አንድ ነገር አስጨበጠችኝ። ቁልፍ ነው። «ሁለት ሞኝ ነው ያገባነው። ቀን ከከፋ ክፈቺው» አለችኝ። አንተ ጓጉንቸሩን ስትገዛ ሁለት ቁልፍ እንዳለው አላየህም መሰለኝ። ቤት ወስጄ ከአዝራሮቼ ጋር ቆርቆሮ ውስጥ ጣልኩት። ለጌለን አልነገርኩትም። ቀስ በቀስ ረሳሁት፤ ወይም የረሳሁት መሰለኝ።

ያን ዓርብ ጠዋት ግን ትዝ አለኝ። ቆርቆሮውን ከፍቼ አይቼዋለሁ፤ እዚያው ነበር። ጌለን ጫማውን እያሰረ ነው። ቁልፉን ብሰጠው ደርሶ ይመለስ ነበር፤ መንገዱ ገና አልጠፋም። ግን «ከነሱ ቤት ቁልፍ ለምነሽ አመጣሽ?» ብሎ እንደሚጮህብኝ አወቅሁ። ረቡዕም ጮሆብኝ ነበር። ጩኸቱ ሰልችቶኝ ነበር፣ ኖርቫል። ክዳኑን መልሼ ገጠምኩት።

ይኸው ነው። አንተ በኩራት ተውከው፤ እኔ በድካም። ያን ቀን በደብዳቤ የጮህኩት ባንተ ላይ ብቻ አልነበረም። ይህን ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ጌለን አያውቅም።

አርዲስ


ሜሳ
ኦገስት 3፣ 2014

አርዲስ፣

ቁጭ ብዬ ነው ያነበብኩት።

ላቮን! የዚያ ጓጉንቸር ጌታ እኔ ነኝ ብዬ ቁልፉን እንደ ሰዓት በኪሴ ይዤ ዘጠኝ ዓመት ስንጎራደድ፣ ሚስቴ በመጀመሪያው ሳምንት ሥልጣኔን አስረክባው ኖሯል። ሳቅሁ። ጃኔል ደንግጣ ደረጃውን ሮጣ ወጣች። ከዚያ ሳቁ ሌላ ነገር ሆነብኝና አስወጣኋት።

ላቮን በታመመች ጊዜ፣ መጨረሻው አካባቢ «ስለ በሩ አታስብ፣ መላ አድርጌበታለሁ» ብላኝ ነበር። መድኃኒቱ ነው የሚያናግራት ብዬ እጇን ብቻ አሻሸሁላት።

አንቺ ላይ ልፍረድ? በምን አፌ። እንደዚያ ያለውን ጠዋት እኔም አውቀዋለሁ፤ አንድ ቃል ብትናገሪ ቤቱ እንደሚናጥ እያወቅሽ፣ አለመናገሩ ይቀልላል። ማንም ዘጠና ሰባት ላም እገላለሁ ብሎ ክዳን አይገጥምም።

ንገሪው አልልሽም፤ ተይውም አልልሽም። የራሴን ብቻ ልንገርሽ። ከተናገርኩ ወዲህ የሚቀርብልኝን እበላለሁ፤ ጨውም ባይኖረው።

ኖርቫል


ደቡብ ዳኮታ
ኦክቶበር 19፣ 2014

ውድ ኖርቫል፣

ለኦገስቱም፣ ከዚያ ወዲህ ለመጣውም ደብዳቤህ መልስ ሳልሰጥ ቆየሁ። ለጃኔል ልጅ ምርቃት እንኳን ደስ አላችሁ። ልብህን ሐኪም አይቶት ደኅና ነው ማለቱን ስሰማ ደስ አለኝ፤ ሐኪሙ ግን አንተን በደንብ አያውቅህም።

የጠየቅኸኝን በየተራ ልመልስ።

ገንዘቡ መጣ። ከእኛ ቀድሞ ሰላም ያለው ባንኩ ነው። ከተረፈው ሃያ ስድስት የረገዙ ጊደሮች ገዛን። ዘጠና ሰባቱን አይተኩም፤ እንደ ድሮው ጠዋት በሩን ስከፍት ሜዳው ጠቁሮ አይጠብቀኝም። ግን ጌለን ለሃያ ስድስቱ የሚነሳው ለድሮዎቹ መቶ ሃያ ይነሳ በነበረበት ሰዓት ነው። ጠመንጃዎቹ ገና ወንድሜ ዘንድ ናቸው። አልቸኩልም።

አዎ፣ ነገርኩት። አንተ ባትለኝም የምትለኝ ይሄንኑ ነበር። ጊደሮቹን ካወረድን በኋላ ነው፤ አጥሩ ላይ ተደግፈን ሲበሉ እናያቸዋለን። ላቮን ምን እንዳለች፣ ቆርቆሮውን፣ ጫማውን ሲያስር ምን እንዳሰብኩ፣ አንዱንም ሳላስቀር ነገርኩት። እያየኋቸው ነበር የማወራው፤ እሱን ማየት አልቻልኩም።

ጨርሼ ዞርኩ። ትከሻው ይንቀጠቀጣል። እያለቀሰ መሰለኝ፤ ለካ እየሳቀ ነው። ዓይኑን በጓንቱ ጠረገና «ሦስት ሽማግሌ አንድ በር መክፈት አቅቶን!» አለ። ከዚያ ሳቁ ቆመ። እጁን አጥሩ ላይ እጄ ጎን አስቀመጠው። «ያን ያህል እጮህ ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ትጮህ ነበር» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። ይቅርታ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። ጨለማው ሲመጣ ገባን።

እኔ ደክሞኛል፣ ኖርቫል፤ ግን እንደ አምናው አይደለም። ሥራ ሠርቶ እንደሚደክመው ሰው ነው የደከመኝ።

ይህን ደብዳቤ ስጽፍ ጌለን ከወዲያ ማዶ ተቀምጦ ነበር። «ለማን ነው?» አለኝ። ነገርኩት። «ቦታ አትርፊልኝ» አለ። ከዚህ በታች ያለው የእሱ ነው፤ ጽሕፈቱ እንደምታውቀው ነው።

አርዲስ

ኖርቫል።
ያንተን ቦታ የገዛው ሰውዬ የከተማ ሰው ነው። ከጉድጓዱ ወደ በረቱ የሚሄደው የውሃ ቧንቧ በየት በኩል እንደሆነ አያውቅም። ሦስት ቦታ ቆፍሮ አጣው። ውርጩ መሬት ሳይዝ ካላገኘው ይፈነዳበታል። ከኖርቫል በቀር የሚያውቅ የለም አልኩት። ደውልና ንገረኝ፤ ሄጄ አሳየዋለሁ። ከእራት በኋላ ቤት ነኝ። ስልኩ ያው የድሮው ነው።
ጌለን